ሙቀትን የሚሸከም ሌላም አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሳይንስ ገጻችሁ ስለ ሙቀት መተላለፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ተማሪዎቼ ቆርጠው ክፍል ይዘውት መጡ። በጣም ደስ አለኝ። ደሴ ውስጥ የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጆቹ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ውጪ የፊዚክስ ነገር በአማርኛ ተጽፎ የሚያገኙት ከስንት አንዴ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አልተዋጠልኝም። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ጠጣር ነገር ውስጥ ሙቀትን የሚያሻግረው የአተሞች ንዝረት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ለብርጭቆ እውነት ነው። ለጨውም እውነት ነው። ማግኔት ላይ ስንደርስ ግን ይጎድለዋል።

ወንድሜ ፒያሳ አካባቢ ሬድዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ከአሮጌ ሬድዮ የሚወጣውን፣ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበትን ጥቁር የአንቴና ዘንግ ለክፍሌ ይሰጠኛል። ፌራይት ይባላል፤ ብረትና ኦክስጅን ያለበት ነገር ነው። ማግኔት ስታስጠጉበት ይሳባል። በመልቲሜትር ስትለኩት ግን ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ነገር ብዙም የለውም። በመዳብ ሽቦ ውስጥ ሙቀቱን በዋናነት ይዘው የሚሄዱት ነጻ ኤሌክትሮኖች ናቸው። እዚህ ዘንግ ውስጥ ግን እነሱን አንጠብቅም። ታዲያ ሙቀቱን ማን ይሸከመዋል? ልጆቹ «የአተሞቹ ንዝረት» ይላሉ፣ ልክ ናቸው። የንዝረቱ ጥቃቅን እሽጎች ፎኖን ይባላሉ። እኔ ግን ሁልጊዜ «ሌላስ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ሌላውን ያሳየን የስዊሱ የፊዚክስ ሊቅ ፊሊክስ ብሎክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ። በማግኔት ውስጥ ብዙዎቹ አተሞች እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ማግኔት ናቸው፤ በጣም ሲቀዘቅዙ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ትንሽ ሙቀት ሲገባ አንዱ አተም ብቻውን አይገለበጥም። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዘነብላሉ፣ ዝንባሌውም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እንደ ሞገድ ያልፋል። እኛ ወሎዎች መንዙማ ላይ ያደግን ስለሆንን ይሄ አይከብደንም። በረድፍ የቆሙት ሰዎች ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ውዝዋዜው ግን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይደርሳል። የዚህ ሞገድ እሽግ ማግኖን ይባላል። ጉልበት ስላለው ከትኩሱ ጫፍ ወደ ቀዝቃዛው ሲሄድ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ማግኖን ጎልቶ እንዲታይ ብዙ ብርድ ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። መለኪያችን ኬልቪን ነው፤ ዜሮው የመጨረሻው ብርድ፣ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ4 ኬልቪን ወደ 2 ኬልቪን ስንወርድ፣ ንዝረቱ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የማግኖኖቹ አቅም ግን ቀድሞ ከነበረው አንድ ሦስተኛ ትንሽ በለጥ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር የማግኖን ድርሻ እየጎላ ይመጣል። (ይህ አተሞቹ ባንድ አቅጣጫ ለሚሰለፉባቸው ማግኔቶች ነው። ጎረቤታሞች በተቃራኒ አቅጣጫ ተሰልፈው እርስ በርስ በሚጠፋፉባቸው ማግኔቶች ውስጥ ማግኖኑም እንደ ንዝረቱ ስለሚወርድ ይህ ብልጫ አይኖርም።)

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ይህ እንዴት ታወቀ የሚለው ነው። ጽሑፋችሁ ብዙ ቦታ ሊሰጠው የሚገባም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ውስጥ ከይትሪየም፣ ከብረትና ከኦክስጅን የተሠራ የማግኔት ክሪስታል ተገኘ። ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ሙቀት እንዴት እንደሚያልፍበት ለኩ። አለካኩ ሲታይ ቀላል ነው። ከክሪስታሉ ቀጭን ቁራጭ ይወሰዳል። አንዱ ጫፍ ከቀዝቃዛ ብረት ጋር ይጣበቃል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ትንሽ ማሞቂያ ይደረጋል። መሐል ላይ ተራርቀው ሁለት ቴርሞሜትሮች ይቀመጣሉ። ሙቀቱ በአየር በኩል እንዳያመልጥ ዙሪያው ያለው አየር ተመጦ ይወጣል። ማሞቂያው የሚሰጠው ጉልበት ይታወቃል፣ የሁለቱ ቴርሞሜትሮች ልዩነት ይነበባል፣ ከዚያ ይሰላል።

እስከዚህ ግን ፎኖንና ማግኖን አልተለዩም፤ ቴርሞሜትሩ የሁለቱን ድምር ብቻ ነው የሚያሳየው። የሚለያቸው ጠንካራ የማግኔት መስክ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ክሪስታል ውስጥ ንዝረቱ መስክ አለ የለም ብዙም አይገደውም። ማግኖን ግን አተሞቹን ከመስኩ አቅጣጫ ማዘንበል ስላለበት ተጨማሪ ጉልበት ይከፍላል። ቴስላ የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ጉልበቱን በኬልቪን ብንገልጸው ለ1 ቴስላ የሚከፈለው 1.3 ኬልቪን ገደማ ነው። በ2 ኬልቪን ቅዝቃዜ 7 ቴስላ ብታደርጉበት ክፍያው ከ9 ኬልቪን ይበልጣል። በዚያ ብርድ ይህን የሚከፍል ጉልበት የለም፤ ማግኖኖቹ ከሞላ ጎደል ይጠፋሉ። በክሪስታሉ የሚያልፈው ሙቀትም ይቀንሳል። የቀነሰው የማግኖን ድርሻ ነው፣ የቀረው የፎኖን። ይህን ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ማንም በዓይኑ የማያየውን ነገር በማጥፋት ብቻ መኖሩን ማሳየት ይቻላል።

ከደላንታ የመጣች አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ በናይትሮጅን አይሆንም?» አለችኝ። ገጠር ያደጉ ልጆች ላም የሚያዳቅለው ባለሙያ የኮርማ ዘር የሚይዝበትን፣ ሲከፈት ጭጋግ የሚወጣውን ዕቃ ያውቁታል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው፣ 77 ኬልቪን ማለት ነው። ለዚህ ሙከራ ግን እሱም ትኩስ ነው። 77 ኬልቪን ላይ ላለ ማግኖን የ9 ኬልቪን ክፍያ ምኑም አይደለም። የሚያስፈልገው የኔዘርላንድሱ የፊዚክስ ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1908 ላይደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሳሽ ያደረገው ሂሊየም ነው። እሱ በ4.2 ኬልቪን ይፈላል፣ በፓምፕ ሲሳብ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ዝግጅት ክፍሉን አጥብቄ የምለምነው፣ ጉዳዩ ያለቀ የደቀቀ ተደርጎ እንዳይጻፍ ነው። ተማሪዎቼ ፊዚክስ ከአንስታይን ጋር ያበቃ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጃፓን ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ማግኔት ውስጥ የማግኖን ሙቀት ወደ ጎን ሲታጠፍ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የኪዮቶ ተመራማሪዎች ከሩቴኒየምና ከክሎሪን በተሠራ ክሪስታል ላይ ትልቅ ነገር አሳወቁ። ወደ ጎን የሚሄደው ሙቀት፣ ከተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች ከሚሰላው መሠረታዊ መጠን ልክ ግማሹ ላይ ቆመ አሉ። እውነት ከሆነ እዚያ ውስጥ ሙቀት የሚሸከሙት ፎኖንም ማግኖንም ያልሆኑ እንግዳ ቅንጣቶች ናቸው። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ደግሞ ለክተው ያንን ቁጥር አላገኘንም፣ የምናየው ማግኖን ወይም ፎኖን ነው ብለው ተከራከሩ። ከናሙና ናሙናም ይለያያል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። አንድ የደሴ ልጅ ይህን በአማርኛ ቢያነብ እኮ ለራሱ የሚሆን ቦታ እንዳለ ያያል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው እትም ያ ክፍል ይታረምልን፣ የመለኪያውም ሥዕል አብሮ ይውጣ። ሁለተኛ፣ አገር ውስጥም ሆነ ውጭ በሂሊየም ብርድ የሚለካ ኢትዮጵያዊ ካላችሁ፣ በራሱ ብዕር ይጻፍልን። የደላንታዋ ልጅ ለእሱ የሚሆን ጥያቄ ደብተሯ ላይ ጽፋለች። በጣም ሲቀዘቅዝ ፎኖኖች የሚጋጩት ከክሪስታሉ ግድግዳ ጋር ስለሆነ የናሙናው ውፍረት ሙቀት ማስተላለፉን እንደሚወስን ነግሬያታለሁ። እሷ የምትጠይቀው፣ ክሪስታሉን እያቀጠኑ በመለካት ማግኖኑም ግድግዳ ጋ ደርሶ የሚመለስበትን ርቀት እንዴት እንደሚያገኙት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህርት፣ ከደሴ