ማኅበር ለመመሥረት በአካል መቅረብ እስከ መቼ ግዴታ ይሆናል?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ በየጋዜጣው የሚወጡትን አስተያየቶች በትኩረት ስከታተል ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም መቻሉን የሚያወሱ ናቸው፤ ይህም በእርግጥ ትልቅ ለውጥ ነው። በሂሳብ ሙያ ነጋዴዎችን የማማክር እንደ መሆኔ ግን፣ በወረርሽኙ ዓመት በግልጽ የታየ አንድ ችግር ተዘንግቶ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ችግሩ የመሥራቾች ፊርማ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ሆነ መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎችም ከወንበራቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ። በሥራ ላይ የነበረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ በበኩሉ አንድ አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ አምስት አባላት እንዲኖሩት ያዝዝ ነበር። ስለዚህ አምስት መሥራቾች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ማኅበራቸው ቢመክሩ የአስቸኳይ ጊዜውን ክልከላ ይጥሱ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ሰዎች ሥራ መፍጠራቸውን አላቆሙም። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደመወዛቸው የተጓደለባቸው መምህራን በስልክና በቴሌግራም ማስጠናት ጀመሩ፤ ሸቀጥና ምግብ ወደየቤቱ ማድረስም ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነ። እኔም በባሕር ዳርና በሐዋሳ ከሚኖሩ ሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለአነስተኛ ነጋዴዎች ከርቀት ሂሳብ የሚሠራ ድርጅት ለማቋቋም የተነሣሁት በዚያው ወቅት ነው። መተዳደሪያ ደንቡን በዙም ተነጋግረን ጨረስነው፤ የትርፍ ክፍፍሉንም፣ የሥራ ድርሻውንም ማንም ከቤቱ ሳይወጣ ተስማማንበት። ነገሩ የቆመው ፊርማው ላይ ስንደርስ ነው። ስለ ሰነድ ማረጋገጥና መመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረቱ ፈራሚው በአረጋጋጩ፣ ማለትም ሰነዱን በሚያረጋግጠው ባለሥልጣን፣ ፊት ቀርቦ መፈረሙ ነበር። ውክልና ስጡ ተባልን፤ ነገር ግን ውክልናውም ቢሆን ባሉበት ከተማ ወረፋ ተይዞ፣ በአካል ተቀርቦ የሚፈረም፣ ዋናው ቅጂም በሰው እጅ ተልኮ አዲስ አበባ መድረስ ያለበት ወረቀት ነው። በዚህ ላይ ሦስታችንም ከየቤታችን ለምንሠራው ሥራ የቢሮ ኪራይ ውል እንድናቀርብ ተጠየቅን። ደንበኛ ሳናገኝ ኪራይ መክፈል ጀመርን፤ ይህ ወጪ ስንቱን ጀማሪ ገና ከመነሻው ተስፋ እንዳስቆረጠ በሙያዬ ያየሁት ነው።

ከርቀት መሥራት የሚያስፈልገው መሠረትም ራሱ አስተማማኝ አልነበረም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲቋረጥ፣ ገቢያቸው ሙሉ በሙሉ በዚያ መስመር ላይ የተመሠረተ አዳዲስ ድርጅቶች የሚያደርጉት ነገር አልነበራቸውም።

እጅግ የሚያስቆጨው ግን ሕጉ ጨርሶ የሌለ አለመሆኑ ነው። አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠው ከወረርሽኙ አስቀድሞ፣ በ2010 ዓ.ም. ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የጸደቀው በወረርሽኙ መካከል ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ የማኅበር አባላት ጉባኤያቸውን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲያካሂዱ ይፈቅዳል። እንግዲህ ማኅበርተኞች በተመዘገቡ ማግሥት በየከተማቸው ሆነው በቪዲዮ ተሰብስበው ስለ ማኅበሩ ሀብት መወሰን ከቻሉ፣ በምዝገባው ዋዜማ መመሥረቻ ጽሑፋቸውን በተመሳሳይ መንገድ እንዳይፈርሙ የሚከለከሉበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሐሰት ሰነድ ሥጋት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሥጋቱንም አላቃልለውም። በተጭበረበረ ውክልና ቤቱን ወይም መኪናውን ያጣ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የቤትና የመሬት ዝውውር አሁን ባለበት ይቆይ። መዋጮው በባንክ የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሆነ አነስተኛ ማኅበር ግን ከዚህ ይለያል፤ ገንዘቡ በባንክ በኩል ገቢ ስለሚሆን የመሥራቾቹን ማንነት ባንኩ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይችላል። አረጋጋጩ ፈራሚውን በቪዲዮ እያየ መታወቂያውን ቢያመሳክር፣ ጥያቄዎች ቢጠይቅና ምስሉን ከሰነዱ ጋር ቢያስቀምጥ፣ ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤት የሚያየው ማስረጃ ከወረቀት ፊርማ የሚያንስ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የኒው ዮርክ ግዛት አገረ ገዥ ገና መጋቢት 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጡት ትእዛዝ ሰነዶች በቪዲዮ እንዲረጋገጡ ፈቅደዋል። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን እዚህ ድርጅት ለመክፈት ውክልናቸውን በኤምባሲ በኩል አስጨርሰው፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ እንደገና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማሳለፍ ነበረባቸው።

አዲሱን የንግድ ሕግ የሚያስፈጽሙ ደንቦችና መመሪያዎች መውጣታቸው አይቀርም። ንግድን የሚመራው ሚኒስቴርና ሰነዶችን የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት በዚህ አጋጣሚ በጥሬ ገንዘብ መዋጮ ለሚቋቋሙ ማኅበራት የቪዲዮ ፊርማን እንዲፈቅዱ፣ ከቤት ለሚሠሩ ድርጅቶችም የመሥራቹ መኖሪያ በአድራሻነት እንዲመዘገብ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ዝግጅት ክፍላችሁም የሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች አነጋግሮ፣ ይህ የማይቻል ከሆነ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክለው ለአንባቢ ቢያሳውቅ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሂሳብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ
ግንቦት 2013 ዓ.ም.