ዲግሪዬን ይዛችሁ ዕዳሽን ክፈይ አትበሉኝ

ይድረስ የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራትን ጉዳይ ለምትመሩ ኃላፊዎች
ከድሬዳዋ

ዲግሪዬ እንዲሰጠኝ በቃልም በማመልከቻም ጠይቄ መልስ ስላጣሁ ነው በአደባባይ የምጽፍላችሁ። ማመልከቻዬ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራ ከርሞ አሁን የት እንዳለ የሚነግረኝ ሰው የለም። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" የሚለው መልስ ሰልችቶኛል።

ሳይኮሎጂ አራት ዓመት ተምሬ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ኦርጅናል ዲግሪዬ ግን እስከ ዛሬ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ነው። እጄ ላይ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት፣ እና ስቱደንት ኮፒ የሚባለው የውጤት ቅጂ ብቻ ነው። ኦርጅናሉን ለመውሰድ የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ዕዳዬን በሙሉ ከፍዬ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለብኝ የሚገልጽ ወረቀት፣ ማምጣት አለብኝ። ዕዳው ወደ 30 ሺህ ብር ይጠጋል። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ልብስ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ በወር 5 ሺህ ብር ነው የማገኘው።

ደንቡን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ስትሠሩበት ኖራችኋል። ተማሪው ከትምህርት ወጪው 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ይሸፍናል። ቀድሞ መክፈል ያልቻለ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠበት ይከፍላል። ውሉን ስፈርም የገባኝ ይኸው ነው። ሥራ እይዛለሁ፣ እከፍላለሁ። ታዲያ ለሥራ የሚጠየቀውን ወረቀት ከያዛችሁብኝ ከየትኛው ደመወዝ ልትቆርጡ ነው?

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ድርጅት ከስደት ተመላሾች ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ድጋፍ ባለሙያ ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ። ድሬ በጅቡቲ በኩል ለሚወጣውም ለሚመለሰውም መተላለፊያ ናት። በረሃና ባሕር አቋርጠው፣ ታስረው፣ ተደብድበው የሚመለሱ ልጆች አሉ። ሌሊት እየጮኹ የሚነሱ አሉ። እኔ የተማርኩት ለዚህ ነው። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም እናገራለሁ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ፣ ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ። ከዚያ ከሰው ኃይል ቢሮ ተደወለልኝ። "እንኳን ደስ አለሽ፣ ኦርጅናልሽን ይዘሽ ነይ።"

ሬጅስትራር ሄጄ የድርጅቱን የቅጥር ደብዳቤ በመስኮት አቀበልኩ። ከደመወዜ እንዲቆረጥ ዛሬውኑ እፈርማለሁ አልኩ። ሠራተኛው ደብዳቤውን ሳይገልጠው መለሰልኝ። "ክሊራንስ" አለ። ኃላፊው ዘንድ ገባሁ፤ እሱም ያንኑ ደገመልኝ። እሺ ይሁን፣ "መመረቋ እውነት ነው፣ ዲግሪዋ የተያዘው በዕዳ ነው" የሚል አንድ መስመር ለድርጅቱ ጻፉልኝ ብዬ ለመንኩ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንጽፍም ተባልኩ። ድርጅቱ የቻለውን ያህል ጠበቀኝና ተጠባባቂዋን ቀጠረ። አልፈርድበትም። እናቴ የጆሮ ወርቋን አውልቃ "ሽጪው" አለችኝ። እንቢ አልኩ። ከሠርጓ የቀራት እሱ ብቻ ነው።

ዕዳ አልክድም። የበላሁበትንና የተኛሁበትን እከፍላለሁ። ግን እስቲ አብረን እናስላው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ የሥራ ግብር 2,100፣ ጡረታ 805፣ ኮስት ሼሪንግ 1,150 ብር ቢቆረጥ እጅ ላይ የሚደርሰው 7,445 ብር ነው። በዚህ የቤት ኪራይ ከፍሎ መኖር ቀላል አይደለም። ቢሆንም የእኔ ዕዳ በዚህ አካሄድ በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ያልቃል። አሁን ግን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስውል ማንም ምንም አይቆርጥብኝም። እናንተም ገንዘባችሁን አላገኛችሁ፣ እኔም ሥራዬን አላገኘሁ።

"ሁለተኛ ዲግሪሽን ለምን አትማሪም?" የሚለኝ ሰው አለ። ልክ ነው፣ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መሆን አይቻልም፤ ደህና ደመወዝም ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ግን ለማስተርስ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚልከው የውጤት ማስረጃ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ይጠየቃል። እሱም ያለ ክሊራንስ አይላክም። በዚህም በኩል በሩ ተዘግቷል።

ከኋላዬ ያሉት ልጆች ደግሞ ከእኔ የባሰ ይጠብቃቸዋል። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉ ጥሩ ነው፣ ተማሪ በልቶ ነው መማር ያለበት። ግን የምግቡ ወጪ ሙሉ ለሙሉ ተማሪው ላይ ከተመዘገበ በ10 ወር ለምግብ ብቻ 30 ሺህ ብር ነው። የእኔ የአራት ዓመት ዕዳ ለእነሱ የአንድ ዓመት ሊሆን ነው። ያንን የሚያህል ዕዳ ተሸክመው ኦርጅናላቸውን መቼ ያዩታል? ሳይኮሎጂ ልማር ብላ የምትመጣ የሰፈሬ የድሬዋ ገንደ ቆሬ ልጅ ብትኖር ይህን ሳታውቅ ውል መፈረም የለባትም።

ኦርጅናሉን ስጡንና ዕዳውን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን መዝግቡት። የቀጠረን ይቁረጥ። መምህራን በአገልግሎት እንዲከፍሉ የተፈቀደውን ያህል፣ በትምህርት ቤትና ከተመላሾች ጋር ለሚሠራ አማካሪም ፍቀዱ። ይህ ጊዜ ይወስዳል ካላችሁ ቢያንስ የቅጥር ደብዳቤ ላመጣ ሰው ዲግሪው ለቀጣሪው በቀጥታ ይላክለት።

ዲግሪዬ እንዲያዝ የሚያዘው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጠይቄ ማንም አላሳየኝም። አንቀጹን ጠቅሳችሁ፣ ፈርማችሁና ማኅተም አድርጋችሁ በጽሑፍ መልሱልኝ። የማመልከቻዬ ቅጂ ገቢ የሆነበት ማኅተም አለበት፤ ጠፋ ከተባለ በድጋሚ አመጣዋለሁ።