የሥነ ዜጋ ክበብ የዓመቱ ክንውን

ክበባችን ዘንድሮ 43 አባላት ነበሩት። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተሰብስበናል፣ የግድግዳ ጋዜጣ አውጥተናል፣ በሰልፍ ሰዓት ጽሑፍ አቅርበናል። በሰፊው ልጽፍ የምወደው ስለ ግንቦቱ ክርክር ነው። «ልጆቹን ፖለቲካ ታስተምራላችሁ» ያሉን ወላጆችም ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ርእሱ የዘር ማንነት የሰውን የፖለቲካ አቋም እንዴት እንደሚቀርጽ ነበር። ለዚህ የመረጥነው በ1928 ዓ.ም. የነበረውን የኒውዮርኩን ሐርለም ነው። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር፣ እዚያ ተጎራብተው የሚኖሩ ጥቁሮችና የጣሊያን ተወላጆች በአንዱ ጦርነት ላይ ሁለት ፍርድ ነበራቸው። ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቀው ጥቁር ገንዘብ አዋጣ፣ ልዝመት ብሎ ተመዘገበ። ገና ከወረራው በፊት፣ በሰኔ 1927፣ ጥቁር አሜሪካዊው ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ካርኔራን በቦክስ ሲዘርረው ኢትዮጵያ ያሸነፈች ያህል ጨፍሯል። አብራሪው ጆን ሮቢንሰንማ እዚሁ ድረስ መጥቶ በርሮልናል፤ በ1946 ያረፈውም በአዲስ አበባ ነው። የጣሊያን ተወላጅ እናቶች ደግሞ የጋብቻ ቀለበታቸውን ለሮም ሰጡ።

ለጣሊያኖቹ ወገን እንዲከራከር ዕጣ የደረሰው የ11ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ቅድመ አያቴ የካቲት 12 ነው የተገደሉት፤ አልችልም» ብሎኝ ወጣ። አላስገደድኩትም። በሳምንቱ ራሱ መጥቶ «ልሞክረው» አለ። ተራው ሲደርስ ቆመና፣ «እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ ሲንቁን ኖረዋል። ዛሬ ሬዲዮው የአገሬን ድል ሲያወራ አባቴ ቀና ብሎ ሄደ። ኢትዮጵያ ውስጥ ማን እንደሞተ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም» አለ። መጨረሻው ላይ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። የተቃራኒው ቡድን መሪ የጻፈችውን መልስ አጠፈችና፣ «ጥቁሩ ጎረቤትህ ቢነግርህስ ትሰማው ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ብዙ ቆይቶ «አይመስለኝም» አላት። ያን ቀን ደወሉ ተደውሎ እንኳ ከወንበሩ የተነሳ ልጅ አልነበረም። ፖለቲካ አስተማራችሁ የተባልነው ይህንኑ ነው።

ያልሆነልንም አለ። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ክርክር ቀርቷል። ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር፣ ሁላችንም ልንሄድ አቅደን ለአውቶቡስ ገንዘብ ስላልተገኘ 16 ልጆች ብቻ በራሳቸው የታክሲ ሂሳብ ሄደዋል። ፎቶ ኮፒው ከኪሴ ነው፤ ፕሮጀክተሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ስቶር ውስጥ ተቆልፎ ከርሟል። የወላጅ መምህር ኅብረት ለከርሞ የአንድ ቀን አውቶቡስና የወረቀት ወጪ እንዲይዝልን ጥያቄያችንን በጽሑፍ አስገብተናል። ያ ለጣሊያኖቹ ወገን የተከራከረው ልጅ የክበቡ ሰብሳቢ ሆኖ ተመርጧል፤ ደብዳቤውን የፈረመውም እሱ ነው።