ይድረስ ለናፈቅሽኝ ጓደኛዬ

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እህት? ባለቤትሽስ፣ ልጅሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲህ ተጠፋፍተን መክረማችን ሳያንስ፣ ሶሪያቲክ አርትራይተስ፣ ያ ቆዳንም መገጣጠሚያንም የሚይዘው በሽታ፣ እንዳለብሽ ከሰው አፍ ስሰማ በጣም አዘንኩ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ለእህትሽ ያልሻት ነው፤ «የጓደኛዬ ወንድም ይኸው በሽታ ይዞት ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ይውላል፣ እኔ ጀበና ማንሳት አቃተኝ፤ ሰነፍኩ መሰለኝ» ብለሻታል አሉ።

አልሰነፍሽም። ይህን ልነግርሽ ነው የጻፍኩልሽ።

እኔና ወንድሜ የአንድ እናት ልጆች ነን፣ በሽታችንም አንድ ነው፤ አያያዙ ግን ለየቅል። እሱን የያዘው ወገቡን ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕመሙ ቀስቅሶት ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሲተኛ ይብስበታል፣ ሲንቀሳቀስ ቀለል ይለዋል፤ እንግዲህ ቆሞ የሚውለው ስለተሻለው እንዳይመስልሽ። ክርኑና የራስ ቅሉ ላይ ያለው ቅርፊትም ከኔ እጅግ የከፋ ነው። እኔን ደግሞ ጣቶቼን፣ አንጓዬን፣ ጉልበቴንና ተረከዜን ያዘኝ። ጠዋት ጣቶቼ እስኪፍታቱ ድረስ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አልችልም። ድካሙማ ተኝተሽም የማይወጣልሽ ነው፤ ታውቂዋለሽ።

ሐኪሞችም በብዙ ታማሚዎች ላይ ያዩት ይህንኑ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ሌላው የመገጣጠሚያ በሽታ ሴቶችን አብልጦ ያጠቃል፤ የኛው ግን ወንዱንም ሴቱንም በተቀራራቢ ቁጥር ይይዛል። ልዩነቱ የሚመጣው ከያዘ በኋላ ነው። ወንዶች ላይ አከርካሪውና ቆዳው ይበረታል፣ በራጅ የሚታየው የአጥንት ጉዳትም አብዛኛውን ጊዜ በነሱ ይከፋል። እኛ ላይ ብዙ መገጣጠሚያ ባንዴ ይታመማል፣ ሕመሙና ድካሙ ይከብዳል፣ የዕለት ሥራ ያቅታል። ስለዚህ «ራጅሽ ደህና ነው» ስላሉሽ ሕመምሽ ውሸት ነው ማለት አይደለም።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደሜን መርምረው ምንም ሲያጡ «ጭንቀት ነው» ብለው ሸኙኝ። ሩማቶይድ ፋክተር የሚሉት ምርመራ እኮ በዚህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው የሚወጣው! ምልክቱ ጥፍሬ ላይ ነበር፤ በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ይመስላል። ጥፍሬን ያየልኝ ግን አልነበረም። ወንድሜ «ወገቤን» ባለ ጊዜ ወዲያው ኤምአርአይ ታዘዘለት። የሴቶች በሽታ ከወንዶቹ ዘግይቶ እንደሚታወቅ ጥናቶችም ያሳያሉ፤ ይህ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

ሕክምናውም ላይ ልዩነት አለ። ቲኤንኤፍ የሚባለውን፣ ሰውነት ውስጥ ብግነት የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር የሚያግዱት መርፌዎች፣ እኛ ሀገር እንደ ልብ ባይገኙም፣ ባመዛኙ ወንዶች ላይ የተሻለ ይሠራሉ፤ ሴቶች ቶሎ የማቆም ነገር ይታይባቸዋል። የታዘዘልሽ ካልሠራልሽ «እኔ ነኝ ችግሩ» ብለሽ ዝም እንዳትዪ፣ ሌላ ዓይነት እንዲሞክሩልሽ ጠይቂ።

ደግሞ ሁለተኛ ልጅ እያሰብሽ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ደስ ብሎኛል። አደራሽን፣ ሜቶትሬክሴት ከሆነ የምትወስጂው ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። ጽንስ ስለሚጎዳ አስቀድሞ መቆም አለበት። በእርግዝና ጊዜ የሚወሰዱ ሌሎች አሉ፤ ሰልፋሳላዚን አንዱ ነው። የሚገርምሽ ይኸው ሰልፋሳላዚን ወንድ ሲወስደው የዘሩን ቁጥር ይቀንሳል፣ ሲያቆም ይመለስለታል፤ ለወንድሜ ግን አስቀድሞ የነገረው ሰው የለም። አራስነት ላይ በሽታው የሚነሣባቸው ብዙ ናቸውና የሚያግዝሽ ሰው ካሁኑ አስቢ።

ደብዳቤውን ለባለቤትሽም አንብቢለት፣ በተለይ ስለ ድካሙ ያልኩትን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ፤ የመድኃኒትሽን ስም ከካርቶኑ ላይ ጽፈሽ ጠብቂኝ።

ናፋቂ ጓደኛሽ