«የአገሪቱ ጉዳይ እስኪጠራ» ላሉኝ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጽፍም። ራስዎን ያውቃሉ። በአገሬ ምክንያት የሰላም ማስከበር ሥራ ስለከለከሉኝ ቅሬታዬን በወጉ አስገብቻለሁ፤ ጸሐፊዎም መዝግባ ቁጥር ሰጥታኛለች። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር መልሱ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። እንግዲህ ስብሰባውን ይጨርሱ፤ እኔም አደባባይ ላይ ልጻፍ።

ያመለከትኩት በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ባንጊ ላለው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ተልዕኮ ነበር፣ ለጥበቃ ሥራ። ፋይሌን አገላበጡት። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት አብዬ በሰላም አስከባሪነት ያገለገልኩበትን ወረቀት አዩ፣ የሜዳሊያውን ምስክር ወረቀት አዩ፣ አመሰገኑኝም። ከዚያ ፋይሉን ዘጉና «ወንድሜ፣ የአገሪቱ ጉዳይ እስኪጠራ ትንሽ ይቸግራል» አሉኝ። በጽሑፍ ይስጡኝ ስልዎት ሳቁ።

የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር፣ 2020 ላይ (ዓመቶቹን እንደ ቅጻችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ እኔ ሠራዊቱን ለቅቄ አዳማ ሲሚንቶ እሸጥ ነበር። መልቀቂያዬ ላይ ቀኑ አለ። አይተውታል።

በአገሬ የሆነውን አልክድም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን 2021 ላይ በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ የጦርነቱ ወገኖች ሁሉ የጦር ወንጀል ሊባል የሚችል ግፍ ፈጽመዋል ብለዋል። ያጠፋ ይጠየቅ። አዛዥ ከሆነም የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ የሚለብሰውን ሰማያዊ ቆብ አይድፋ። በዚህ አንጣላም።

ግን ያለፈ ታሪክ መለኪያ ከሆነ ለሁሉም ይሁና! ሩዋንዳ 1994 ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ አልቆባት፣ 2004 ላይ ወታደሮቿ ሰላም ሊያስከብሩ ሱዳን ውስጥ ዳርፉር ነበሩ። ማንም «እስኪጠራ ጠብቁ» አላላትም፤ ደግሞም ልክ ነበር። 2010 ላይ ግን የሩዋንዳ ጦር ኮንጎ ውስጥ ፈጸመው የተባለውን ግፍ የሚዘረዝር የተባበሩት መንግሥታት ረቂቅ ሪፖርት አፈተለከ። ኪጋሊ «ወታደሮቼን ከዳርፉር አወጣለሁ» አለች። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ ሙን ራሳቸው ኪጋሊ ድረስ በረሩ። ሪፖርቱ ወጣ፣ ወታደሮቹም እዚያው ቆዩ። ስሪ ላንካስ? 2007 ላይ ከ100 በላይ ሰላም አስከባሪ ወታደሮቿ ሄይቲ ውስጥ በወሲብ ጥቃት ተጠርጥረው ተመለሱ፤ መላኳ ግን ቀጠለ። 2019 ላይ በእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ በተፈጸመ ግፍ ስሙ የሚነሳ ጄኔራል የሠራዊቷ አዛዥ ሲሆን ነው አዲስ ስምሪት የታገደው። እሱም ቢሆን «ተልዕኮውን ክፉኛ የሚጎዳ ካልሆነ በቀር» የሚል ቀዳዳ ተትቶለት።

የራሳችንንም አልሸፍንም። 2006 ዲሴምበር ላይ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1725 ለሶማሊያ ሰላም አስከባሪ ሲፈቅድ፣ ጎረቤት አገሮች ወታደር እንዳይልኩ የሚለውን ሐሳብ ደግፎ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ጦራችን ሞቃዲሾ ደጃፍ ደረሰ። 2009 ላይ ወጣ። 2014 ላይ ያው ጦር በሶማሊያ የአፍሪካ ኅብረት ሰላም አስከባሪ የነበረው የአሚሶም አካል ሆነና ቁጭ አለ። እኔ የተዋጋህበት ቀዬ ሰላም አስከባሪ ሆነህ መመለስ የለብህም ባይ ነኝ። ለሶማሊያ ቢከለክሉኝ «እውነትዎን ነው» ብዬ እወጣ ነበር። ባንጊ ግን? ኢትዮጵያ ከመካከለኛው አፍሪካ ጋር ምን ጠብ አላት?

አብዬ ውስጥ አሚየት የሚባል ገበያ አለ፤ በአካባቢው የሚጋጩት ሁለቱ ሕዝቦች፣ ሚሴሪያውም ንጎክ ዲንካውም፣ የሚገበያዩበት። መግቢያው ላይ ቆሜ ፈትሻለሁ። አንዴ ከማሽላ ጆንያ ሥር ክላሽ ወጣ፤ ሰውየው ከእኔ ይልቅ የደነገጠው ጆንያው እንዳይቀደድበት ነው። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ የአገሬን ታሪክ የጠየቀኝ ሰው የለም። የሚጠይቁኝ «የእኔን ፈትሸህ የእሱን ለምን አሳለፍክ?» ብለው ነው። እዚያ ያለ ሰው ሰላም አስከባሪን የሚመዝነው በዚህ ነው።

ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። 2012 ላይ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች የሰብአዊ መብት ማጣሪያ የሚጠይቀው ሰውየው ምን አደረገ ብሎ ነው። ጦር ሲላክ ደግሞ ለወታደሮቹ ንጽሕና የሚፈርመው ላኪው መንግሥት ራሱ ነው፤ ተከሳሹ ለራሱ ምስክር ሆኖ ማለት ነው። ያ ፊርማ ለአንድ ሻለቃ ጦር ሙሉ ይበቃል። እኔን ባሰናበቱበት ቀን እንኳ የኢትዮጵያ ወታደሮች ደቡብ ሱዳን ውስጥ በሰማያዊ ቆብ ሥራ ላይ ነበሩ። መንግሥት ሲልካቸው ታሪካቸው ጠርቷል፣ እኔ በራሴ እግር ስመጣ ደፈረሰ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄንን። መንግሥትን መጠየቅ ይከብዳል፤ የአዳማ ሲሚንቶ ሻጭን መመለስ ግን ምንም አያስከፍልም።

ስለዚህ ውሳኔዎን ማህተም አድርገው በጽሑፍ ይስጡኝ። «በአገሩ ምክንያት» ይበሉ፣ ከደፈሩ። ይግባኝ የምልበት ወረቀት ይኑረኝ። ይህም ካስቸገረ ፋይሌን ይመልሱልኝ። ውስጡ ያለው መልቀቂያ ዋናው ነው፤ ኮፒ አይደለም።