አረንጓዴ ውሃ ሁሉ መርዝ አይደለም፦ ስለ አዲሱ የዘረመል ምርመራችን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በውሃ ላይ የምናደርገውን የአልጌ ምርመራ ስለመቀየራችን

ጤና ይስጥልን። እንደምን ከረማችሁ?

ክረምቱ ወጥቷል፤ ደለሉም እየሰከነ ነው። ፀሐይ ወደ ውሃው መግባት ስትጀምር ጣና ዳር ያላችሁም፣ የአሳ ኩሬ የቆፈራችሁም፣ ከቆጋ ቦይ የምትጠልፉም ያንን የምታውቁትን አረንጓዴ ነገር፣ አልጌውን፣ ታያላችሁ። የኛ ስልክም ዕረፍት የሚያጣው በዚህ ሰሞን ነው። "ውሃዬ አረንጓዴ ሆነ፤ ከብት ላጠጣ ወይስ ልተው?" ትሉናላችሁ።

ዘንድሮ መልስ የምንሰጥበት መንገድ ተቀይሯል። ምክንያቱን ሳንደብቅ ልንነግራችሁ ይገባል፤ የቀየርነው ተሳስተን ስላየነው ነው።

አምና በመራዊ በኩል የአሳ ኩሬ ያለው አንድ ደንበኛችን ውሃ ይዞ መጣ። በአጉሊ መነጽር አየነው። ማይክሮሲስቲስ የሚባለው አልጌ ሞልቶታል። (በሳይንሱ ባክቴሪያ ነው፤ እኛ እንደ ልማዱ አልጌ እንለዋለን።) ይህ አልጌ ማይክሮሲስቲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ "ከብት አታጠጣበት፣ አሳውንም ለጊዜው አትሽጥ" አልነው። ሰውየው ቃላችንን አከበረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአህያ ከሩቅ ውሃ አመላለሰ። የመርዙ ልኬት ውጤት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ግን በውሃው ውስጥ ይህ ነው የሚባል መርዝ አልነበረም። ይቅርታ ጠየቅነው፣ የምርመራውንም ገንዘብ መለስንለት። ድካሙን ግን ልንመልስለት አልቻልንም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የነሳን ሌላ ሐሳብ ነው። በተቃራኒው ብንሳሳትስ ኖሮ? "ችግር የለውም፣ አጠጣ" ብለን ቢሆንስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሲስቲስ ሁሉ መርዝ አይሠራም። አንዱ የመርዙን መሥሪያ ዘረመል (በውስጡ ያለ የአሠራር መመሪያ) ይዟል፣ ሌላው የለውም። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ስንዴና እንክርዳድ እንኳ ሲያሸቱ ይለያሉ፤ እነዚህ ግን መቼም በዓይን አይለዩም። ለመለየት ያለው መንገድ ዘረመላቸውን ማየት ነው።

ይህን መንገድ በደንብ የገፉበት ባሕር ላይ ዛጎል ለበሶችን የሚያረቡ ሰዎችና አብረዋቸው የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። በኛ ዘንድ የሚበላ ነገር አይደለም፤ በሌላው ዓለም ግን ኦይስተርና ሙስል ትልቅ ገበያ አላቸው። እነዚህ ፍጥረቶች የሚመገቡት ውሃ እያጣሩ ነው። አንድ ኦይስተር በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሊያጣራ ይችላል። ታዲያ በውሃው ውስጥ መርዘኛ አልጌ ካለ መርዙ በሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል። እሱ ራሱ እምብዛም አይታመምም። የሚታመመው የበላው ሰው ነው።

አሌክሳንድሪየም የሚባለው የባሕር አልጌ የሚሠራው መርዝ ሳክሲቶክሲን ይባላል። መጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል። ሲበረታ መተንፈሻን ያሽመደምዳል። ማርከሻ የለውም፣ ማብሰልም አያጠፋውም። በአንድ ኪሎ ሥጋ ከ800 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ዛጎሉ ለገበያ አይቀርብም። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 በካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ዶሞይክ አሲድ የተባለ የአልጌ መርዝ በሙስል ውስጥ ገብቶ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 3 ሰዎች ሞቱ። ከተረፉት አንዳንዶቹ የማስታወስ ችሎታቸው ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ሳክሲቶክሲን ያለበት ሙስል ተልኮ ጃፓን ላይ ተያዘ። በዚያ ሰበብ ኢንዱስትሪው ወደ 23 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ኪሳራ ደረሰበት።

ድሮ መርዙን የሚለኩት ከዛጎሉ ሥጋ የተጨመቀውን ለአይጥ በመርፌ ወግተው፣ አይጧ በስንት ደቂቃ እንደሞተች በመቁጠር ነበር። ያ የሚነግራችሁ መርዙ ሥጋው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን አሌክሳንድሪየምን በመሰሉ አልጌዎች ውስጥ የሳክሲቶክሲን መሥሪያው ዘረመል ተለየ። ከዚያ ወዲህ ውሃውን ራሱን መመርመር ይቻላል። መርዘኛው አልጌ ገና ጥቂት ሳለ ይታያል፤ አርቢው ምርቱን አስቀድሞ ለመሰብሰብ ወይም ለማቆየት ጊዜ ያገኛል።

እኛም የምንሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የምንፈልገው ግን የማይክሮሲስቲን መሥሪያውን ዘረመል ነው። ውሃውን በቀጭን ማጣሪያ እናሳልፋለን፣ የቀረውን እናፈርሳለን፣ ዘረመሉን እናወጣለን። ከዚያ ፒሲአር ውስጥ ይገባል። አዎ፣ በኮሮና ጊዜ ስሙን የሰማችሁት ፒሲአር ነው። ማሽኑ የምንፈልገውን ቁራጭ ብቻ ለይቶ በየዙሩ እጥፍ ያደርገዋል። ከአንድ ተነስቶ በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ጥቂት እንኳ ቢሆን የሚታየው ለዚህ ነው። ሥራው ራሱ ጥቂት ሰዓት ነው የሚፈጀው።

አሁን የምንለውን ግን አደራ ልብ በሉት። ዘረመሉ ተገኘ ማለት መርዙ አለ ማለት አይደለም። አልጌው መርዝ መሥራት ይችላል ማለት ብቻ ነው። የሞተ አልጌ ዘረመልም ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ "ተገኝቷል" የሚል ወረቀት ከሰጠናችሁ ቀጥሎ መርዙ ራሱ ይለካል። ያ እስኪታወቅ ከዚያ ውሃ አለማጠጣቱ ይሻላል። የአምናው ደንበኛችን ይህ ምርመራ ቢኖር ኖሮ ሦስት ሳምንት ላይደክም ይችል ነበር።

ሌላም ችግር አለ፤ የኛን አገር ውሃ በተለይ ይመለከታል። ደለል የበዛበት ውሃ ፒሲአሩን ያደናቅፋል። አልጌው እያለ "የለም" ሊል ይችላል። ለዚህ በእያንዳንዱ ናሙና ውስጥ እኛ የምናውቀው ሌላ ዘረመል እንጨምራለን። እሱ ካልታየ ምርመራው ተደናቅፏል ማለት ነው፤ ናሙናውን አቅጥነን እንደግመዋለን። ለድጋሚው አናስከፍልም።

"ጣና ላይ ይህ አለ እንዴ?" ላላችሁን፣ አዎ አለ። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል፣ በኛ በኩል፣ ተመራማሪዎች ማይክሮሲስቲን የሚሠራውን ዓይነት በዘረመል ምርመራ አግኝተውታል። እምቦጩን ሁላችንም እናየዋለን፣ እንነቅለዋለን። መርዘኛውን አልጌ ግን በዓይን መለየት አይቻልም። የሚመግባቸው ግን አንድ ነገር ነው፦ ከማሳ ታጥቦ በግልገል አባይና በሌሎቹ ወንዞች የሚገባው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ።

አንድ ነገር ደጋግመን እንናገራለን፤ ብዙ ቤት ስለሚሳሳትበት። ውሃ ማፍላት ማይክሮሲስቲንን አያጠፋም። እንዲያውም አልጌውን አፈንድቶ መርዙን ወደ ውሃው ይለቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር መጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የመርዙ ገደብ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። አሳ የምትሸጡ ደግሞ ቆሮሶውንም አምባዛውንም የሆድ ዕቃውን በደንብ አውጡ። መርዙ ይበልጥ የሚጠራቀመው በጉበትና በአንጀት ነው፤ ሥጋው ላይ ያንሳል።

ዋጋው ከአጉሊ መነጽሩ ይበልጣል። ኬሚካሉ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ማሽኑንም የምንጠቀመው በኪራይ ነው። ስለዚህ ሁሉም ናሙና በቀጥታ ወደ ፒሲአር አይገባም። በመጀመሪያ እንደ ቀድሞው በአጉሊ መነጽር እናያለን። ማይክሮሲስቲስ ካላየን እዚያው እናቆማለን። ካየን ደውለን እንነግራችኋለን፤ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ጎረቤታሞች ከአንድ ኩሬ ወይም ከአንድ ቦይ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ናሙና ይበቃችኋል፤ ወጪውን ተካፈሉት።

ናሙና ስታመጡ በንጹሕ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ይሁን። አረንጓዴውን ብቻ ከላይ አትጭለፉ፤ ከብቱ ከሚጠጣበት ቦታ ክንድ አስገብታችሁ ቅዱ። እጃችሁን ግን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኑ። ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበረዶ ጋር አድርጉትና በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱልን። የፒሲአር ቀናችን ማክሰኞና ዓርብ ስለሆነ ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በፊት ብትመጡ ውሃው ሳይቆይ ይገባል። ከዳንግላና ከፍኖተ ሰላም በመኪና የምትልኩ፣ ጠርሙሱ ላይ የተቀዳበትን ሰዓትና ቦታ ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር
የላቦራቶሪው ባልደረቦች
ባሕር ዳር