ያልደረሰበትን ኳስ ማን ይቆጥርበታል?

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንተን ሲያትል፣ እኔን ሲልቨር ስፕሪንግ ኑሮው ይዞን ድምፅ ሳንሰማማ ስንት ጊዜ ሆነን! ባለፈው ሳምንት ወንድምህ ደውሎ ከልጅህ ጋር ማታ ማታ ኤምኤልቢ ዘ ሾው የተባለውን የቤዝቦል ቪዲዮ ጌም እንደምትጫወቱ፣ «በደንብ እየመታን ለምን እንሸነፋለን?» እያልክ እንደምትብሰለሰል ሲነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። እኔም እኮ የክረምቱን ምሽት የምገፋው በዚሁ ጨዋታ ነው። የቤተሰቡን ወሬ በስልክ እናወራዋለን፤ ዛሬ ስለ መከላከሉ ልጻፍልህ።

ተጫዋች የምትመርጡት ጠቅላላ ነጥቡን እያያችሁ ነው አሉ። እዚያ ቁጥር ውስጥ ምቱም ጓንቱም ተቀላቅሏል፤ ጎበዝ መቺ የመከላከል ድክመቱን ሊደብቅበት ይችላል። ካርዱን ከፍታችሁ ዝርዝሩን እዩ። ፊልዲንግ (መቅለብ)፣ ሪአክሽን (ቶሎ መነሳት)፣ አርም ስትሬንግዝ (የክንድ ጉልበት)፣ አርም አኪዩረሲ (የውርወራ ትክክለኛነት) የሚሉ አሉ፤ ከመቺው ኋላ ለሚቀመጠው ካቸር ደግሞ ብሎኪንግ (ኳስ መገደብ)። የሁሉም ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፊልዲንግ ላይ ነው። ፊልዲንግ ግን የሚነግርህ ተጫዋቹ የደረሰበትን ኳስ ሳያበላሽ መያዙን ነው። መጀመሪያውኑ ይደርስበታል ወይ ለሚለው መልሱ ያለው ሪአክሽንና ፍጥነት ላይ ነው።

አንድ ምት ልብ ብለህ ተከታተል። ኳሷ መሬት ለመሬት እየተምዘገዘገች በሾርትስቶፑና በሦስተኛው ቤዝ ተጫዋች መሃል ትመጣለች እንበል። (ሾርትስቶፕ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል የሚቆመው ተከላካይ ነው፤ ቤዝ ደግሞ ሯጩ የሚረግጣት ማረፊያ ናት።) ሪአክሽኑ 90 የሆነው ሾርትስቶፕ ገና ከመመታቷ ወደ ቀኙ ተነስቷል፤ ጎንበስ ብሎ ይቀልባትና ወደ ፈርስት ቤዝ ይልካታል። 55 የሆነው ግን አንተ መንቀሳቀሻውን የቱንም ያህል ብትገፋው ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ፊልዲንጉ 95 ቢሆን እንኳ ምን ይጠቅማል? ኳሷ በጓንቱ ጫፍ አልፋ ሣሩ ላይ ትሄዳለች። የሚመዘገበውም «ሂት» (የመቺው ስኬት) ተብሎ ነው እንጂ «ኤረር» (የተከላካይ ስህተት) ተብሎ አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ የኤረሩ ቦታ ዜሮ ይላል፣ ልጅህም ኳስ ወርዋሪውን ፒቸር ይወቅሳል። ሰፈር ኳስ ስንጫወት ያልዘለለን በረኛ «ኳስ አመለጠው» የሚለው ማን ነበር?

በእውነተኛው ሜዳም ብዙ ያነጋገረ ጉዳይ ነው። የኒው ዮርክ ያንኪስ ቡድኑ ዴሬክ ጂተር በሾርትስቶፕነቱ 5 ጊዜ የምርጥ ተከላካዮችን ሽልማት፣ ጎልድ ግላቭን፣ ተሸልሟል። እጁ የገባውን ኳስ ብዙም አያበላሽም ነበር። በመከላከል ቁጥሮች ላይ የሚሠሩ ተንታኞች ግን የሚሸፍነው ሜዳ ከእኩዮቹ ጠበብ ያለ ነው ሲሉ ኖረዋል፤ እኔም የምስማማው ከእነሱ ጋር ነው። ጂተር ጫማውን በሰቀለ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ስታትካስት የተባለው የእንቅስቃሴ መለኪያ በሁሉም የሜጀር ሊግ (የከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ስታዲየሞች ተተከለና የተጫዋች የመጀመሪያ እርምጃ ሳይቀር መለካት ጀመረ።

ስለ ክንድ ከሆነ ለእናንተው ከተማ ቡድን ከተጫወተው ከኢቺሮ በላይ አስተማሪ የለም። እ.ኤ.አ. በ2001፣ በመጀመሪያው የሜጀር ሊግ ዓመቱ፣ ኦክላንድ ላይ ከራይት ፊልድ (ከሜዳው የኋላ ቀኝ ክፍል) ሦስተኛ ቤዝ ድረስ ወርውሮ የተጋጣሚውን ሯጭ ቴረንስ ሎንግን ያስወጣበትን ቪዲዮ ለልጅህ አሳየው። እዚያች አንዲት ውርወራ ውስጥ ሁለቱም ቁጥሮች አሉ። ስትሬንግዝ ኳሷ ምን ያህል ፈጥና እንደምትደርስ ነው። አኪዩረሲ ደግሞ ስትወረውር ብቅ በሚለው መለኪያ ላይ ይታይሃል፤ ነጥቡ ዝቅ ያለ ተጫዋች አረንጓዴው ክፍል ይጠብበታል፣ ጣትህ ትንሽ ከዘገየች ኳሷ ከተቀባዩ ጓንት ርቃ ትሄዳለች። ሯጩ ፈርስት ቤዝ ለመድረስ ከ4 ሰከንድ ብዙም አይፈጅበትም፤ አንድ ጊዜ ከሳትክ አለቀ።

እኔ ብሆን ሾርትስቶፑንና ሰንተር ፊልዱን (የኋላ መሃሉን) በሪአክሽንና በፍጥነት እመርጣለሁ፣ ምታቸው ደካማ ቢሆንም ግድ የለኝም፤ በተራ መጨረሻ ይምቱ። ለሦስተኛ ቤዝና ለራይት ፊልድ ጠንካራ ክንድ እፈልጋለሁ። ያን የምትወዱትን ከባድ መቺ ፈርስት ቤዝ ወይም ሌፍት ፊልድ አስቀምጡት። ካቸሩን ግን አደራ! ከሆም (መቺው ከሚቆምበት) እስከ ሁለተኛ ቤዝ 39 ሜትር ያህል ነው፤ ክንዱ ከሰነፈ ተጋጣሚ እንደፈለገ ቤዝ ይሰርቅበታል (ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ይሮጥበታል)፣ ብሎኪንጉ ካነሰ ደግሞ መሬት የነካች ኳስ ሁሉ ከኋላው ታመልጣለች። ሌላው፣ ተጫዋቹን ካርዱ ላይ ከተጻፈለት ቦታ ውጪ አታሰልፉት፤ የመከላከል ነጥቡ ይቀነስበታል።

ስልክ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። የሾርትስቶፓችሁንና የካቸራችሁን ካርድ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አይቼ የምለውን እልሃለሁ። ቅዳሜ ማታ በኢንተርኔት እንጋጠም፤ እኛ ጋ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይመሻልና እራት ሳትበሉ ጀምሩ። ልጅህ አጎቱን የሚያውቀው በፎቶ ብቻ ነው፣ እስቲ ድምፄን ይስማ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ።

የምትናፍቀኝ ወንድሜ፣ ያንተው አብሮ አደግ